ትንሽ ነጋቲቭ፣ ትልቅ ፎቶ

የፊልም ካሜራ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው 36 ፎቶ የሚያነሣ ጥቅልል የሚገባበትን፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠለውን ካሜራ ነው። የዚህ ካሜራ ጥንስስ የተጠነሰሰው በጀርመኗ ቬትስላር ከተማ፣ ማይክሮስኮፕ በሚያመርተው የላይትስ ፋብሪካ ነው። ሠሪው ኦስካር ባርናክ ይባላል።

ባርናክ በሙያው መካኒክ፣ በትርፍ ጊዜው ፎቶ አንሺ ነበር። ጤናው ግን ለሸክም አልታደለም፤ አስም ነበረበት። የያዘው ካሜራ ደግሞ 13 በ18 ሴንቲ ሜትር የሆነ የመስታወት ሳህን የሚጎርስ ነው። ሳህኖቹና ማቆሚያ እግሩ ሲጨመሩበት ዳገት ይዘውት የሚወጡት ዕቃ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1905 አካባቢ መላ ያለውን ሞከረ፤ በአንድ ሳህን ላይ ከ15 እስከ 20 ትንንሽ ፎቶዎችን ደርድሮ ማንሣት። ውጤቱ ግን ሲያጎሉት የማያምር ሆነ።

ምክንያቱ ከሳህኑ ነበር። ሳህንም ሆነ ፊልም ብርሃን የሚቀበለው በጄላቲን ውስጥ በተበተኑ የብር ጨው ቅንጣቶች ነው። ብርሃን ያገኛቸው ቅንጣቶች ፊልሙ ሲታጠብ ወደ ጥቁር ብር ይለወጣሉ፤ ያላገኛቸው በሌላ ኬሚካል ተጠርገው ይወጣሉ። ነጋቲቭ ላይ ሰማዩ ጠቁሮ፣ ጥቁር ጠጉር ነጥቶ የሚታየውም ለዚህ ነው። ቅንጣቶቹ ሻካራ ከሆኑ ትንሿ ምስል ስትጎላ ፊቱ ሁሉ እንደተበተነ ጤፍ ይሆናል።

ባርናክ በ1911 ላይትስ ፋብሪካ ከገባ በኋላ የሲኒማ ፊልም እጁ ገባ። ይህ ፊልም 35 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ዳርና ዳሩ የተበሳ፣ ቅንጣቱም የደቀቀ ነበር። በሲኒማ ካሜራ ፊልሙ የሚሄደው ከላይ ወደ ታች ሲሆን አንዱ ምስል 18 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። ባርናክ ፊልሙን አግድም አስኬደውና ምስሉን እጥፍ አድርጎ 24 በ36 ሚሊ ሜትር አደረሰው። ከቀድሞው ሳህኑ ጋር ሲነጻጸር ስፋቱ 27 ጊዜ ያህል ያንሳል። በ1914 ገደማ የተጠናቀቀው ናሙና ኪስ የሚገባ ነበር። ፊልሙን የሚያስኬደው ቁልፍ ብርሃን ወደ ፊልሙ የሚያስገባውን መጋረጃ (ሻተሩን) አብሮ ያዘጋጃል፤ ስለዚህ በአንድ ምስል ላይ ሌላ መደረብ ቀረ። ሆኖም ሻተሩ ፊልሙ ሲዞር ብርሃን ስለማይከልል ሌንሱን በክዳን መሸፈን ግድ ነበር። ይህ ጉድለት ካሜራው ለገበያ እስኪቀርብ ድረስ ተስተካከለ።

የቀረው የሌንስ ጉዳይ ነው። ነጋቲቩ ይህን ያህል ሲያንስ የሌንሱ ጥራት የግድ መላቅ አለበት፤ እንዲህ ያለውን ሌንስ ማክስ ቤሬክ የተባለው የፋብሪካው የኦፕቲክስ ባለሙያ ሠራው። ካሜራው ላይካ ተብሎ በ1925 በላይፕዚግ የንግድ ትርዒት ለሕዝብ ቀረበ።

ሸክሙ በዚህ አልጠፋም፤ ከተራራው ወርዶ ፎቶ ወደሚታተምበት ጨለማ ክፍል ገባ። 24 በ36 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፎቶ ለማተም ነጋቲቩ በየጎኑ 10 ጊዜ ይጎላል፤ እሱ ላይ ያረፈች ብናኝና ሻተሩ ሲከፈት የተነቃነቀች እጅም እንዲሁ። ዛሬ የመጀመሪያ ጥቅልሉን የሚያስገባ ፎቶ አንሺም ቢሆን ካሜራው ስለቀለለለት እጁን ማላላት የለበትም።