የሰርጉ መኪና ጎማ

ባለፈው ጥር የእህቴን ልጅ ስንድር የልጄ መኪና ከአጃቢዎቹ አንዷ ሆና ተመደበች። ያረጀች ኮሮላ ናት። ቢሆንም የሰርግ ነገር ነውና ከሙሽሮቹ መኪና ኋላ ተሰልፋ በቪዲዮ መታየቷ አይቀርም። ሰርጉ እሑድ ስለነበር ልጄ ቅዳሜ ጠዋት ከሰፈር አንድ መኪና አጣቢ ጎረምሳ ጠርቶ ግቢያችን አስገባው። «እማዬ፣ ጎማው ካላበራ መኪና የታጠበ አይመስልም» አለኝ። እውነቱን ነው። ሰውስ ቢሆን ሙሉ ልብስ ለብሶ ጫማው አቧራ ከሆነ ማን አማረበት ይለዋል?

እኔ በረንዳ ላይ ተቀምጬ የሰርጉን ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። የሦስት ዓመቱ የልጅ ልጄ አቡሽ ከአጣቢው ኋላ ኋላ ይላል። ጎረምሳው አካሉን አጥቦ ሲጨርስ ከቦርሳው አንድ የውኃ ፕላስቲክ አወጣ። ውስጡ ቡና የመሰለ ጥቁር ፈሳሽ አለ። ጨርቅ ነክሮ አንዱን የኋላ ጎማ ቀባው፤ ጎማው ወዲያው እንደ አዲስ ጫማ አበራ። ወደ ሁለተኛው ሲዞር ፕላስቲኩን ክዳኑን ሳይገጥም መሬት ላይ ትቶት ሄደ። አቡሽ ብድግ አደረገና በሁለት እጁ ይዞ ወደ አፉ አስጠጋው።

ሽንኩርቱና ቢላዋው የት እንደወደቁ አላስታውስም። ደርሼ ነጠቅኩት። ሳሸተው ናፍጣ ነው፤ የተቃጠለ የሞተር ዘይት የተቀላቀለበት ናፍጣ። የልጁን ከንፈርና ምላስ አየሁ፣ አፉን አሸተትኩ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልቀመሰውም። «ማዘር፣ ይቅርታ፤ ሁሉም የሚቀባው እኮ ይህንኑ ነው» አለኝ ጎረምሳው ደንግጦ። አልዋሸም። ብዙ ሰው የሚቀባው ይህንኑ ነው፤ እኔንም ብዕር ያስነሳኝ ይኸው ነው።

ወተት ያባባሰው ሕመም

ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከማልረሳቸው ሌሊቶች አንዱ የበዓል ዋዜማ ነበር። አንዲት አያት የሁለት ዓመት ሕፃን አቅፈው እየሮጡ ገቡ። አባቱ መኪናውን ለበዓል ሊያሳምር በለስላሳ ጠርሙስ ናፍጣ አስቀምጦ ኖሯል፤ ሕፃኑ ለስላሳ መስሎት ጠጣው። አያትየው ብዙዎቻችን የምናደርገውን አደረጉ። ጣታቸውን ጉሮሮው ውስጥ ከተው አስመለሱት፤ ከዚያም ወተት ጋቱት፤ ወተቱን ሲያስመልሰው ደግመው ጋቱት። እኛ ዘንድ ሲደርስ ሳሉ ፋታ አይሰጠውም፤ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ በተነፈሰ ቁጥር በጎድኖቹ መካከል ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ለቀናት በኦክስጅን ቆይቶ ዳነ። አያትየው ግን ያን ሁሉ ቀን «እኔ ነኝ የጎዳሁት» እያሉ ከአልጋው አጠገብ አልተነሱም። የነገራቸው ሰው አልነበረም እንጂ እሳቸው ምን ጥፋት ነበረባቸው?

ስለዚህ ይህን የምታነቡ እናቶች፣ አባቶችና አያቶች እወቁልኝ። ናፍጣ፣ ነጭ ጋዝ፣ ቤንዚንና ቲነር ሕፃንን በዋናነት የሚጎዱት ወደ ሳንባ ሲገቡ ነው። ቀጫጭን ፈሳሾች ስለሆኑ ልጁ ሲያስመልሰው በቀላሉ ወደ መተንፈሻ ቧንቧው ይወርዳሉ። ስለዚህ እንዲያስመልሰው አታድርጉ። ወተት፣ ዘይት ወይም ሎሚ አትስጡት፤ መርዙን አያጠፉለትም፤ ጭራሽ ያስመልሱታል። የነካውን ልብስ አውልቁ፤ ቆዳውን በውኃና በሳሙና እጠቡ፤ የጠጣበትን ዕቃ ይዛችሁ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። «አሁን እየተጫወተ ነው፤ ደህና ነው» ብላችሁ አትቅሩ። ሳሉና የትንፋሹ መፍጠን ከሰዓታት በኋላም ሊመጣ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ የሚቀለው ግን አንድ ነገር ነው። የማይጠጣ ነገር በመጠጥ ዕቃ አይቀመጥ። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ።

ለጎማውም አይበጀው

ናፍጣና የተቃጠለ ዘይት ለሰው ብቻ ሳይሆን ለጎማውም ጠላት ናቸው። ጎማ ዘይት ይመጣል፤ ሲመጥም ያብጣል፣ ይልማል፣ ጥንካሬውን ያጣል። የማያምን ሰው የብር ማሰሪያ ላስቲክ ናፍጣ ውስጥ አሳድሮ ጠዋት ያውጣው፤ አብጦና ልል ሆኖ ያገኘዋል። ከዚያ ደግሞ የጥር አቧራ አለ። በዘይት የራሰ ጎማ አቧራ ይስባል፤ ጠዋት ያበራው ጎማ ሰርጉ አዳራሽ እስኪደርስ አመድ ይመስላል።

የቀቢውስ እጅ? ጎረምሳውን «እስቲ እጅህን አሳየኝ» አልኩት። ጥፍሮቹ ሥር ጠቁሯል፤ በጣቶቹ መካከል ቆዳው ተሰነጣጥቋል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ለዓመታት ቆዳ ላይ ሲመላለስ ቁጣና ስንጥቅ ብቻ ሳይሆን የቆዳ ካንሰርም ሊያመጣ ይችላል። መኪናችሁን የሚያጥብላችሁ ልጅ የሰው ልጅ ነው። ናፍጣ አትቀባ በሉት፤ አንድ ጥንድ የላስቲክ ጓንትም ግዙለት።

እንደ በሽተኛ ማጠብ

የተቀባውን በሳሙና እንዲያስለቅቀው ጠየቅኩት፤ እኔም ወንበሬን ጎትቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ልጄ «እማዬ፣ አሁን የጎማ ባለሙያም ሆንሽ?» ብሎ ሳቀብኝ። ባለሙያ አይደለሁም። ግን ማጠብ ተምሬያለሁ። በነርስነት ትምህርታችን መጀመሪያ ከተማርናቸው ነገሮች አንዱ የተኛ በሽተኛን አልጋው ላይ ማጠብ ነው። በሽተኛን ስታጥቡ ትመረምሩታላችሁ። ጀርባው ላይ የቀላ ቦታ፣ የአልጋ ቁስል ጅማሮ፣ ያበጠ እግር፣ ሁሉም የሚገኘው በዚያ ሰዓት ነው። ቁስልም ሳይታጠብ አይሸፈንም። የጎማውንም ነገር እንዲሁ አደረግነው፤ መጀመሪያ ማጠብ፣ ቀጥሎ ማየት፣ መጨረሻ መቀባት።

መኪናው ጥላ ላይ ይቁም፤ ጎማውና ፍሬኑ ይቀዝቅዝ። ለጎማ የራሱ ባልዲና የራሱ ጨርቅ ይኑረው። ጎማና ቸርኬ ላይ ያለው አሸዋና የፍሬን ብናኝ ወደ አካሉ ከተመለሰ ቀለሙን ይቧጭረዋል። በቅድሚያ በንጹሕ ውኃ ጭቃውን አውርዱ። ከዚያ ግማሽ ባልዲ ውኃ ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩና ቸርኬውን በስፖንጅ፣ የጎማውን ጎን በጠንካራ ብሩሽ እሹት። በረኪና አያስፈልግም፤ በተለይ ከሌላ ማጽጃ ጋር ቀላቅላችሁ አትጠቀሙበት። የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ይጎዳል።

የመጀመሪያው አረፋ ቡናማ ሆኖ ይወርዳል። ይህ ጭቃ ብቻ አይደለም። ፋብሪካዎች ጎማ ቶሎ እንዳያረጅ የሚቀላቅሉት መከላከያ ኬሚካል አለ። ጎማው ሲሽከረከርና ሲተጣጠፍ ኬሚካሉ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይወጣል፤ አየር ሲያገኘውም ቡናማ ይሆናል። አረፋው ነጭ ሆኖ እስኪወርድ ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሙት፤ ከዚያ በደንብ አለቅልቃችሁ በጨርቅ አድርቁት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በቡናማው ላይ የተቀባ ቅባት አይቆይም፤ ዥጉርጉር ይሆናል።

እጄ ያገኘው እብጠት

ጎረምሳው ሲያደርቅ እኔም ጓንት አድርጌ በእጄ እዳስሰው ጀመር። የፊት ጎማዎቹን ውስጠኛ ጎን ለማየት ልጄ መሪውን እስከ መጨረሻው እንዲያዞር ጠየቅኩት። የግራው የፊት ጎማ ውስጠኛ ጎን ላይ የእንቁላል ግማሽ የሚያህል እብጠት እጄ ገባ። ከውጭ ምንም አይታይም። ልጄ ዳሰሰውና ዝም አለ፤ ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ ጉድጓድ ውስጥ ክፉኛ ገብቶ እንደነበር ትዝ አለው።

እብጠት ማለት በጎማው ጎን ውስጥ ያሉት ክሮች ተበጥሰዋል፣ አየሩም ደካማውን ቦታ እየገፋ ነው ማለት ነው። አይጠገንም፤ ይለወጣል። «ነገ ሰርጉ ይለፍና ሰኞ እንቀይረዋለን» አለ ልጄ። ሰኞ ድረስ በዚያ ጎማ የሚሄዱት እሱ፣ ሚስቱ፣ አቡሽና ሁለት ሚዜዎች ነበሩ። አላከራከርኩትም፤ ከመኪናው ፊት ወንበሬን አስቀመጥኩ። ከምሳ በፊት ጎሚስታ ጋ ሄዶ ትርፍ ጎማውን አስገጥሞ መጣ።

ስታጥቡ እናንተም እነዚህን እዩ። በጎኑ ላይ እብጠትና ስንጥቅ አለ? ጥርሱ መካከል ሚስማር ገብቷል? ሚስማር ካገኛችሁ እቤት አትንቀሉት። ቁስል ውስጥ የተሰካን ስለት እኛም ዝም ብለን አንነቅልም፤ ጎሚስታው ይንቀለውና ይጠግነው። በጎማው ጥርሶች መካከል ባሉት ቦዮች ውስጥ ትንንሽ ድልድይ የመሰሉ ጉብታዎች አሉ። ጥርሱ አልቆ ከእነሱ ጋር እኩል ከሆነ 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ቀርቶታል፤ በዝናብ መንገድ አይዝላችሁም።

ዕድሜውንም አንብቡ። ጎማው ጎን ላይ «ዲኦቲ» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥሮች አሉ። ለምሳሌ 2318 የሚል ከሆነ በ2018 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ዓመቱ የአውሮፓውያን ስለሆነ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት መጨረሻ 2010 ይሆናል። ብዙ ሰው 18ን በእኛ ቆጥሮ ያረጀውን ጎማ አዲስ ነው ብሎ ይገዛል። ያገለገለ ጎማ ስትገዙ ማብራቱ አያታልላችሁ፤ ቅባት ዕድሜ አይቀንስም። ቁጥሩን ፈልጉ፤ ስንጥቁንም ጎማውን በእጃችሁ ጫን አድርጋችሁ እዩ።

ምን እንቀባው?

ገበያ ላይ ከሚገኙት የጎማ ቅባቶች በውኃ የተዘጋጁትን ምረጡ። አብዛኛውን ጊዜ ነጭ፣ ወተት መሳይ ናቸው። ቤንዚን ቤንዚን የሚሸተውን ተዉት። እኛ ያን ቀን ቅባት ስላልነበረን ከመድኃኒት ሳጥኔ ግሊሰሪን አወጣሁ። በበጋ እጃችንና ተረከዛችን ሲሰነጠቅ የምንቀባውን ማለቴ ነው። ከእኩል ውኃ ጋር ቀላቅለን በስፖንጅ ስስ አድርገን ቀባን፤ አሥር ደቂቃ ቆይተን ትርፉን በደረቅ ጨርቅ ጠረግን። እንደ ናፍጣው አላንጸባረቀም፤ ጥቁርና ንጹሕ ግን ሆነ። ዝናብ ያጥበዋል፤ ሲታጠብ ደግሞ ትደግሙታላችሁ።

ትርፉን መጥረግ አትርሱ፤ ካልተጠረገ መኪናው ሲፈጥን ወደ አካሉ ይረጫል። የሚቀባው የጎማው ጎን ብቻ ነው። አስፋልት የሚነካው ጥርሱና የፍሬኑ ዲስክ በፍጹም አይቀቡም፤ ያንሸራትታሉ። የሞተር ሳይክልና የልጆች ብስክሌት ጎማ ደግሞ ጎኑም አይቀባ። ሲታጠፉ ያጋድላሉና በጎናቸው አስፋልት ይነካሉ። ማንኛውም ቅባት፣ ከሱቅ የተገዛውም ቢሆን፣ በራሱ ዕቃ፣ ክዳኑ ተገጥሞ፣ ልጅ በማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ።

ጎረምሳውን ከመሸኘቴ በፊት ያን ናፍጣ በጠባብ ጀሪካን ገልብጠን፣ ላዩ ላይ «መርዝ» ብለን ጽፈን ለጋራዥ እንዲያስረክበው ሰጠሁት። ውኃ መውረጃ ላይ እንዳይደፋው አስጠነቀቅኩት። እጁን በሳሙና አስታጥቤ የተረፈውን ግሊሰሪን ከነጠርሙሱ ሰጠሁት። ሳቀና «ማዘር፣ ይሄ ለጎማው ነው ለእኔ?» አለ። «መጀመሪያ ለአንተ» አልኩት።

እሑድ ሰርጉ በሰላም አለፈ። ቪዲዮው ሲመጣ ልጄ አቁሞ አሳየኝ፤ ትርፍ ጎማው ከሌሎቹ ሦስቱ ትንሽ ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ከእኛ በቀር ያስተዋለው ሰው የለም። ዛሬ ማታ እናንተም ከመተኛታችሁ በፊት የመኪናችሁን ኮፈን፣ ከዕቃ ማጠቢያው ሥርና የጋራዡን መደርደሪያ አንድ ጊዜ እዩልኝ። በውኃ ወይም በለስላሳ ዕቃ የተቀመጠ ናፍጣ ካለ ልጆቹ ሳይነሱ አንሱት።

ቸር ይግጠመን።