የእርማት ሐሳብ እንዴት ይፈተናል?

ኮምፓይለር በሰው የተጻፈን ፕሮግራም ኮምፒዩተር ሊፈጽመው ወደሚችለው ትእዛዝ የሚለውጥ መሣሪያ ነው። ስሕተት ሲያገኝ ሥራውን አቁሞ ያስታውቃል፤ አንዳንዱም እርማቱን ጭምር ያመለክታል። ለመሆኑ ይህ የእርማት ሐሳብ ራሱ ትክክል መሆኑ በምን ይረጋገጣል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ በአንድ ምሳሌ ማስረዳት ነው።

ረስት በተባለው፣ የመጀመሪያው የጸና ዕትሙ በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣው የፕሮግራም ቋንቋ፣ አንድ ስም እሴት ከተሰጠው በኋላ፣ ጸሐፊው እንደሚለወጥ አስቀድሞ ካላስታወቀ በቀር ሌላ እሴት አይቀበልም። ለምሳሌ ያህል በሶዶ ገበያ የዝንጅብል ንግድ ሒሳብ የሚሠራ ተማሪ፣ «ዋጋ» ለሚለው ስም 40 ብር ሰጥቶ፣ በሚቀጥለው መሥመር የመጓጓዣ 5 ብር ጨምሮ ድምሩንም «ዋጋ» ቢለው፣ ኮምፓይለሩ በቁጥር 0384 የተመዘገበውን ስሕተት ያወጣል። እሴቱ መጀመሪያ የተሰጠበትንና ዳግም ሊሰጥ የተሞከረበትን ቦታ ያሳያል፤ ስሙን ተለዋዋጭ የሚያደርገው አጭር ቃል እንዲጨመርም ይጠቁማል።

የመሣሪያው ሠሪዎች ይህን የሚፈትኑት ሆነ ተብሎ ስሕተት በገባባቸው አጫጭር ፕሮግራሞች ነው። የሚጠበቀው መልእክት በመዝገብ ይቀመጣል፤ ኮምፓይለሩ ካወጣውም ጋር ይነጻጸራል። በአንዳንዱ ፈተና ደግሞ የተጠቆመው እርማት በመሣሪያ ተፈጽሞ፣ የታረመው ፕሮግራም እንደገና ለኮምፓይለሩ ይሰጣል። ከዚህም ሌላ ሐሳቦቹ እንደ አስተማማኝነታቸው በደረጃ ይለያሉ፤ በቀጥታ ሊፈጸም የሚችለው፣ ሊሳሳት ይችላል ከተባለው ተለይቶ ይመደባል።

ይሁን እንጂ ፈተናው የታረመው ፕሮግራም የቋንቋውን ሕግ ማክበሩን እንጂ የጸሐፊውን ፍላጎት ማሟላቱን አያረጋግጥም። ተማሪው ድምሩን «ጠቅላላ» ሊለው አስቦ በስሕተት «ዋጋ» ጽፎት ከሆነ፣ የተጠቆመውን ቃል ሲጨምር የስሕተቱ መልእክት ይጠፋል፤ የመጀመሪያው ዋጋም አብሮ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ የመግዣው ዋጋ 40 ብር መስሎት ቢያሰላ ውጤቱ ይሳሳታል፤ የሚያስጠነቅቀው ግን የለም።

በወላይታ ዞን ትምህርቱን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ ለሚሸጋገር ተማሪ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። መልእክቱ የሚነበበው በእንግሊዝኛ ነው፤ እርማቱን መገልበጥ ምክንያቱን ከመረዳት ይቀላል። በሒሳብ ትምህርት «ተለዋዋጭ» ብሎ የሚያውቀው ነገር «የማይለወጥ» ሲባልም ግራ ሊጋባ ይችላል።

ስለሆነም መምህራን ተማሪው እርማቱን ከመቀበሉ በፊት ሁለት ጥያቄዎች እንዲመልስ ቢያደርጉ ይበጃል። የመጀመሪያው እሴት ወደፊት ያስፈልጋልን? ሁለተኛውስ የራሱ ስም ሊሰጠው አይገባምን? የሥርዐተ ትምህርት አዘጋጆችም መልመጃ ሲያዘጋጁ የመልሱን ትክክለኛነት በማረጋገጥ ብቻ መወሰን የለባቸውም። የተሳሳተ ተማሪ የተሰጠውን እርማት ተከትሎ የት እንደሚደርስ፣ መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት በክፍል ውስጥ ሊፈትኑት ይገባል።