የኦስቲያ እርሳስ፦ ተረትና እውነታ

ከሮም 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ የቲቤር ወንዝ ባሕር ይገባበት በነበረው ሥፍራ፣ የጥንቷ ኦስቲያ ፍርስራሽ አለ። የከተማዋ ውሃ በእርሳስ ቧንቧ ይሄድ ነበር። ቧንቧው ድቡልቡል አልነበረም፤ የእርሳስ ዝርግ ተጠቅልሎ ጠርዞቹ ከላይ ስለሚበየዱ የእንባ ዘለላ ይመስላል። አንዳንዱ ላይ የባለቤቱ ወይም የንጉሠ ነገሥቱ ስም ጎላ ብሎ ወጥቶ ይነበባል። ስለ ብረታ ብረት የምናምነውን ለመፈተን ከእርሳስ የተሻለ ምስክር አላውቅም።

ተረት፦ ከባድ ብረት ሙቀት አብዝቶ ይይዛል።

እውነታ፦ እርሳስ ከአሉሚኒየም በአራት እጥፍ ይከብዳል፤ አንዱ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 11.3 ግራም፣ የአሉሚኒየሙ 2.7 ግራም ነው። ሆኖም አንድ ኪሎ አሉሚኒየም በአንድ ዲግሪ እንዲሞቅ 900 ጁል ገደማ ሲጠይቅ፣ ለእርሳስ 130 ጁል ይበቃዋል። ሙቀት በማስተላለፍም መዳብ ከእርሳስ ከአሥር እጥፍ በላይ ይበልጣል።

ተረት፦ እርሳስ ቶሎ ስለሚቀልጥ ውሃ ሊፈላበት አይችልም።

እውነታ፦ እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፤ የእንጨት እሳት ከዚያ እጅግ ያልፋል። ነገር ግን በእርሳስ ጋን ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ ውሃው ሙቀቱን እየወሰደ ግድግዳውን ከ100 ዲግሪ ብዙም እንዳይርቅ ያደርገዋል። አደጋው ውሃው ሲያልቅ ነው። ስለዚህ የሮማውያን ባለሙያዎች የመታጠቢያ ቤት ማሞቂያውን አካል ከእርሳስ ሲሠሩ፣ እሳት የሚያገኘውን መቀመጫውን ከነሐስ ያደርጉት ነበር። ይህ ጥንቃቄ ብረቶቹን ምን ያህል ጠንቅቀው እንደሚያውቁ ያሳያል።

ተረት፦ ሮምን የጣላት የእርሳስ ቧንቧ ነው።

እውነታ፦ በ2014 የታተመ ጥናት በኦስቲያ አቅራቢያ ካለው ከፖርቱስ ወደብ የተወሰደ ደለል መርምሮ፣ የሮም የቧንቧ ውሃ ከአካባቢው ምንጭ ውሃ እስከ 100 እጥፍ የሚደርስ እርሳስ እንደነበረው ገምቷል፤ ግን በእርግጥ ጎጂ ነበር ለማለት አልደፈረም። መሐንዲሱ ቪትሩቪየስ ያኔውኑ የሸክላ ቧንቧ ለጤና እንደሚሻል ጽፎ ነበር። በእኔ እምነት ከቧንቧው ይልቅ ድስቱ ያስፈራ ነበር፤ ሮማውያን የወይን ጭማቂ በእርሳስ ዕቃ አፍልተው ያጣፍጡ ነበርና፣ ጎምዛዛ ነገር ደግሞ እርሳስን ያሟሟል።

የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን እንደሌለ ይናገራል። ስለዚህ ሎሚም ሆነ ቲማቲም ያለበትን ምግብ ከምን እንደተሠራ በማታውቁት ወይም በእርሳስ በተበየደ ዕቃ አታብስሉ፣ አታስቀምጡ።