ቀስ ብሎ ስለሚመታ ልብ

አንድ ሽማግሌ በቅዳሴ መካከል ዐይናቸው ጨልሞ የወደቁ እንደ ሆነ፣ በዙሪያቸው ያለን ሰዎች «ጾሙ ነው፤ እርጅናውም ነው» ብለን ደግፈን ወደ ቤታቸው እንሸኛቸዋለን። ብዙ ጊዜ ግምታችን አይስትም። አንዳንድ ጊዜ ግን የመውደቃቸው ምክንያት የልባቸው ምት መዘግየት ስለሚሆን፣ በዚህ ነገር ጥቂት ልናስረዳ ወደድን።

ዐርፎ የተቀመጠ ጐልማሳ ልቡ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል። ከ60 በታች ሲሆን ሐኪሞች ዝግተኛ ይሉታል፤ ይህ ስያሜ ግን ብቻውን በሽታ ማለት አይደለም። በእንቅልፍ ጊዜ የሁላችንም ልብ ዝግ ይላል። በሩጫ የጠነከረ ሰው ልብም በደቂቃ 40 ጊዜ ያህል ቢመታ አያስደንቅም። ሰውነታችን ዐርፎ ሳለ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይበቃዋል፤ በአንድ ምት 70 ሚሊ ሊትር የሚረጭ ልብ 70 ጊዜ መምታት ሲኖርበት፣ 100 ሚሊ ሊትር ለሚረጨው 50 ምት ይበቃዋል።

መቍጠር የሚፈልግ ሰው አምስት ደቂቃ ዐርፎ ይቀመጥ። ከዚያም ሁለት ጣቶቹን ከእጅ አንጓው ላይ፣ በአውራ ጣት በኩል አሳርፎ ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቍጠር። በአውራ ጣት መዳሰስ ግን የራሱ ትርታ ስላለው ያሳስታል።

የልብ ምት የሚነሣው በላይኛው የቀኝ ክፍል ካለች ትንሽ ሥፍራ ነው፤ ከዚያ የሚወጣው የኤሌክትሪክ መልእክት ወደ ታች ወርዶ ልብን ያኰማትረዋል። በዕድሜ ብዛት መነሻው ሲደክም ወይም መንገዱ ሲዘጋ ምቱ ይዘገያል። የእንቅርት ዕጢ ሥራ መቀነስም፣ እንደ አቴኖሎልና ዲጎክሲን ያሉ መድኃኒቶችም ያዘገዩታል። ስለዚህ ብሎ መድኃኒቱን በገዛ ፈቃድ ማቋረጥ ግን ከመዘግየቱ የባሰ አደጋ ያመጣል።

የስዊድኑ አርነ ላርሶን መንገዱ ከተዘጋባቸው አንዱ ነበረ። በየቀኑ ደጋግሞ ራሱን ይስት ነበር። ሚስቱ ሐኪሞቹን አጥብቃ ስለ ለመነች፣ መስከረም 28 ቀን 1951 ዓ.ም. በስቶክሆልም ከተማ በሰውነት ውስጥ የሚቀበር የልብ መምቻ መሣሪያ ተደረገለት፤ በዓለም የመጀመሪያው ነው። መሣሪያው የሠራው ጥቂት ሰዓት ብቻ ነበር፤ ወዲያው በሌላ ተተካ። ላርሶን ከ20 በላይ መሣሪያዎች ተፈራርቀውለት እስከ 1994 ዓ.ም. ኖረ፤ በ86 ዓመቱ ሲሞትም በልብ ሕመም አልነበረም። ይህ መሣሪያ ዛሬ በአዲስ አበባም ይተከላል።

እንግዲህ ቍጥሩ ዝቅ ብሎ ሰውየው ደኅና ከሆነ አያስፈራም። ከመዘግየቱ ጋራ ራስ መሳት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም ወይም ድንገተኛ የአእምሮ መደናገር ቢታይ ግን በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። ዳገት ሲወጣ ምቱ የማይጨምርለትና ቶሎ የሚዝል ሰውም ይመርመር። የወደቀውን በወንበር አናስቀምጠው፤ በጀርባው አስተኝተን እግሩን ከፍ እናድርግለት። እስኪነቃም ድረስ በአፉ ምንም አንስጠው። ወደ ሐኪም ስንወስደውም የሚውጠውን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው እንያዝለት።