ገዳሪፍ ወርደው የቀሩ አያት ፍለጋ

በአርማጭሆና በቋራ ስለ አያት ሲጠየቅ «በጣልያን ጊዜ ገዳሪፍ ወርደው ቀሩ» የሚባልበት ቤት ብዙ ነው። ወሬው እዚያ ላይ ይቆማል። ገዳሪፍ ባለችባት፣ እንግሊዞች ያኔ ይገዟት በነበረችው ሱዳን የኖረ ስደተኛ ወይም አርበኛ ግን የሆነ ወረቀት ላይ ሰፍሮ ሊሆን ይችላል። ጭንቁ፣ በየትኛው ስሙ?

ስለዚህ መጀመሪያ ሽማግሌዎችን ይጠይቁ፦ የቤት ስማቸውን፣ የክርስትና ስማቸውን፣ የፈረስ ስማቸውን፣ ደብራቸውን። የአርማጭሆው አርበኛ ውብነህ ተሰማ በቅጽላቸው አሞራው ይባሉ ነበር፤ የእንግሊዝኛ ጽሑፎች ቅጽሉን የአባት ስም አድርገው «ውብነህ አሞራው» ብለዋቸዋል። ስመ ጥሩ ሰው እንዲህ ከሆኑ፣ ተራው ወታደር እንዴት ይሆን? ዐረብኛም ጰ እና ጨ ስለሌለው ጴጥሮስ «ቡጥሩስ» ይሆናል። ስሙን በአራት በአምስት አጻጻፍ መሞከር ግድ ነው።

የዘመን አቆጣጠሩም ያሳስታል። እንግሊዞች ከመተማ ማዶ ያለችውን ገላባትን ያጠቁት ጥቅምት 27 ቀን 1933 ነው፤ በፈረንጅ 1940። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ የገቡት ጥር 12 ቀን 1933 ሲሆን፣ ይኸኛው በፈረንጅ 1941 ላይ ይውላል። በኛ ዓመት ላይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ የፈረንጁ ዓመት ከተለወጠ በኋላ 8 ይደምሩ።

ለንደን ባለው የብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የውጭ ጉዳይ መልእክቶች «ኤፍ ኦ 371»፣ የመካከለኛው ምሥራቅ ጦር የውሎ መዝገቦች ደግሞ «ደብሊው ኦ 169» በሚል ምድብ ተቀምጠዋል። እዚያ በብዛት የሚነሱት አለቆች ናቸው፤ አያትዎ የማን ተከታይ እንደነበሩ ማወቅ ከስማቸው ይበልጥ ሊጠቅም ይችላል። በዱራም ዩኒቨርሲቲ በ1957 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የሱዳን ቤተ መዛግብት የቀድሞ ሹማምንትን ደብዳቤ፣ ማስታወሻና ፎቶግራፍ ይዟል፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ካርቱም ሄዶ መዝገብ መፈለግ ስለከበደ ለፈላጊ ትልቅ መጽናኛ ነው።

አገር ቤት ደግሞ የአያትን ሣጥን ይፈትሹ። ከነጻነት በኋላ የአርበኝነትና የስደት ሜዳልያ ይሰጥ ነበር።

ሱዳኖችም እንደኛ ስማቸውን በአባትና በአያት ይጠራሉ። አያትዎ ገዳሪፍ ውስጥ የልጅ ልጅ ካላቸው፣ ስማቸው ሦስተኛ ሆኖ እዚያ ይጠራል።