ሃሽ ጆይን፦ ሜሞሪ ሲጠብ

አንድ ባንክ 100,000 ደንበኞችንና 10 ሚሊዮን የገንዘብ ዝውውሮችን በሁለት ሠንጠረዦች መዝግቧል እንበል። ዝውውሩን ሁሉ ከባለቤቱ ጋር ለማገናኘት እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ማነጻጸር 1 ትሪሊዮን ንጽጽር ይፈጃል። ሃሽ ጆይን ግን ትንሹን ሠንጠረዥ አስቀድሞ ያነብና የደንበኛውን መለያ በቀመር ወደ ሌላ ቁጥር (ሃሽ) ለውጦ፣ ረድፉን ቁጥሩ በሚያመለክተው የሜሞሪ ቋት ያኖረዋል። ቀጥሎ ዝውውሮቹን እያነበበ በዚያው ቀመር ያሰላል፤ ባለቤቱ ካለ ከዚያ ቋት ውጭ አይገኝም። የተለያዩ መለያዎች አንድ ቋት ሊጋሩ ስለሚችሉ የመጨረሻው ፍርድ የመለያው የራሱ ንጽጽር ነው። እስከዚህ ድረስ ያለውን ጎበዝ ተማሪም ይጽፈዋል። የስልቱ ብልሃት የሚለየው ትንሹ የተባለው ሠንጠረዥ ሜሞሪ አልበቃው ሲል ነው ባይ ነኝ።

በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ እነ ማሳሩ ኪትሱሬጋዋ እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳዩት መፍትሔ ሁለቱንም ሠንጠረዦች በአንድ ቀመር ከፋፍሎ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ነበር፤ የአንዱ 3ኛ ክፍል ከሌላው 3ኛ ክፍል ጋር ብቻ ይገናኛልና። የዳታቤዝ ሥርዓቱ ፖስትግሬስ ይህን አሻሽሎ የመጀመሪያውን ክፍል ሜሞሪ ውስጥ ያስቀረዋል፤ የቀረውን ወደ ጊዜያዊ ፋይል ይልካል። ስለ ሠንጠረዡ መጠን የያዘው ግምት ተሳስቶ ክፍሉ ሲያብጥ የክፍሎቹን ብዛት እጥፍ ያደርጋል። አዲሱን ክፍል የሚወስነው ከሃሽ ቁጥሩ የሚጨመር አንድ ቢት በመሆኑ ረድፉ ወይ ባለበት ይቀራል፣ ወይ ወደ ኋለኛ ክፍል ይሄዳል፤ ተሠርቶ ወዳለፈ ክፍል በፍጹም አይመለስም። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

ሜሞሪ በረከሰበት ዘመን ይህ ሁሉ ለምን የሚል አይጠፋም። ነገር ግን የሜሞሪው ድርሻ የሚሰጠው ለአገልጋዩ በጠቅላላ ሳይሆን ለየሥራው ነው። አንድ ጥያቄ አምስት ጆይን ሊኖረው፣ ጠያቂውም በመቶዎች ሊቆጠር ስለሚችል የፖስትግሬስ መነሻ ድርሻ 4 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ከ15ኛው ቅጂ ወዲህ ሃሽ እጥፉን ያገኛል። ረድፉን በቀጥታ የሚጠቁም ማውጫ (ኢንዴክስ) ይበቃል የሚለው ሙግት ለጥቂት ረድፎች እውነት ነው። ሌላው የዳታቤዝ ሥርዓት ማይኤስኪውኤልም ያለ ሃሽ ጆይን ብዙ ዘመን ኖሯል፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2019 በ8.0.18 ቅጂው አስገብቶታል። የከበደው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ሚሊዮን ረድፎች አንድ መለያ ከያዙ የሃሽ ቁጥራቸውም አንድ ነው፤ ምንም ቢከፋፈሉ አይለያዩም። ፖስትግሬስ መክፈሉ ፋይዳ እንዳጣ ሲያይ ማባዛቱን ትቶ ከተፈቀደለት ሜሞሪ በላይ ይወስዳል።