ዋጋ በስልክ፣ ጥርስ በዓይን

የሒሳብ ሠራተኛ ከቤቱ ሆኖ መዝገቡን ይዘጋል፤ የቄራና የወደብ ሠራተኛ ግን ከቦታው ካልተገኘ ሥራ የለም። የቁም እንስሳት ንግድ ከሁለቱም አለበት።

የጅግጅጋ ነጋዴ የቶጎ ውጫሌን የዕለት ዋጋ ከቤቱ ሳይወጣ ከደላላው ይሰማል። ክፍያውም ወደ ስልክ ገብቷል፤ ከድንበሩ ወዲህ በቴሌብር ብር፣ ወዲያ በሶማሌላንድ በዛድ ዶላር ይላካል። ብሩንና ዶላሩን የሚያገናኘው ግን ዛሬም ድንበር ላይ የተቀመጠው መንዛሪ ነው።

ስልክ የማይደርስበት ሥራም አለ። ፎቶ የበግን ዕድሜ አይናገርም፤ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ማየት፣ ወገቡን መዳበስ፣ አረማመዱን መመልከት ያስፈልጋል። የጤና ምርመራም እንዲሁ ነው፤ ለምርመራ ደም የሚቀዳው በረት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ሳዑዲ ዓረቢያ በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት የቀጣናችንን እንስሳት ስታግድ ስንቱ ነጋዴ እንደከሰረ የሚያስታውስ፣ በበርበራ ለይቶ ማቆያ የሚያልፈውን ቀን እንደ ብክነት አይቆጥረውም።

ኪሳራ የሚመጣው በስልክ የሚሠራውና በቦታው የሚሠራው ሲምታታ ነው። ፎቶ አይቶ ሙሉውን የከፈለ ሰው፣ ከመኪናው ከሲታ ቢራገፍለት ማንን ይይዛል?

ስለዚህ ቀብዱን በስልክ ይላኩ። ቀሪውን ግን ገበያ ያለው ሰውዎ እያንዳንዱን ዳብሶ፣ ቆጥሮ፣ ምልክት አድርጎ ሲጨርስ ይልቀቁ። የእሱንም አበል አይቆጥቡ፤ ቤት ለተቀመጠ ነጋዴ ዓይኑም እጁም እሱ ነው።